በውክልና የተጾመ ቅቤ

ሐኪሙ ፊታውራሪ ወንድይፍራውን፣ «ደምዎ ውስጥ ኮሌስትሮል በዝቷል፤ የልብዎን የደም ሥር ሳይደፍነው ቅቤና ጮማ ይተዉ» አላቸው። ፊታውራሪ የንስሐ ጾማቸውን እንኳ ሰው ሲያስጾሙ የኖሩ ናቸውና፣ ይህንንም ለወጥ ሠሪያቸው ሰጧት። ሴትዮዋ ሦስት ወር ሙሉ ሽሮዋን በዘይት እየበላች፣ ለጌታዋ ቅቤ የጠጣ ክትፎ ስታቀርብ ከረመች።

ደማቸው እንደገና ሲመረመር ኮሌስትሮሉ ጭራሽ ብሶ ተገኘ። ፊታውራሪ በእንግዶቻቸው ፊት አስጠርተው ጮኹባት።

«አንቺ ቀጣፊ! ተደብቀሽ ቅቤ ስትልሺ ከርመሻል! ዛሬውኑ ከቤቴ ውጪ!»

ከዚያ ቤት ከወጣች መግቢያ አልነበራትም። ቢሆንም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና፣ «ጌታዬ፣ እኔስ ጠብታ አልቀመስኩም» አለች። «ግን ጾሙን ለእኔ ሰጥተው ሲያበቁ፣ ደሙን ለምን ራስዎ ሄደው ሰጡ? እኔን ልከውኝ ቢሆን ይሄኔ ድነው ነበር።»