ለማፍረስ የተጠየቀ ምርቃት

መሀል ከተማ ያለውን የድንጋይ ግንብ ዱቄት ፋብሪካ አፍርሶ ፎቅ ሊያቆም የተነሣ አንድ ሹም ነበር አሉ። ሕዝቡ ሲያጉረመርምበት፣ ዶዘሩን በር ላይ አስቁሞ የፋብሪካውን ሽማግሌ ዘበኛ አስጠራ።

"አባባ፣ ከተማውን ያበላ ቢሆንም አርጅቷል፤ ይፈርሳል። ፎቶውን አዲሱ ፎቅ ላይ እንሰቅልለታለን። በሉ፣ ሥራውን መርቁልን!" አላቸው።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን የፈጁበትን ግንብ አዩና እጃቸውን ዘረጉ።

"ዕድሜ ይስጥዎ!"

"አሜን!" አለ ሹሙ ከሁሉ ቀድሞ።

"እንደዚህ ፋብሪካ ስንቱን አብልተው ለሽበት ይብቁ!"

"አሜን!"

"ሲያረጁም፣ እርስዎ ለፋብሪካው ያሰቡለትን ልጆችዎ ለእርስዎ ያስቡልዎ፤ ፎቶዎንም ጥሩ ግድግዳ ላይ ይስቀሉልዎ!"

ይህን ጊዜ ከሹሙ ቀድሞ "አሜን!" ያለው ሕዝቡ ነበር፤ ግንቡም አስተጋባ።