ዘምዘም የጠጣው ድንጋይ

ድንጋዩን ከነቀለሙ፣ ሰውን ከነልቡ ለፈጠረ ጌታ ምስጋና ይሁን። ከተማዋ ጥንታዊት ነበረች። ስሟን አትጠይቁኝ፤ ብነግራችሁ የሐጂ ፈረጅ ዘሮች ይጣሉኛል። ተራራ ተደግፋ የተሠራች፣ አንድ ትልቅ መስጂድና አንዲት ጠባብ የዕንቁ ነጋዴዎች መንገድ ያላት ከተማ ናት በሉ፤ ይበቃል። በዚያች መንገድ ላይ ሁለት ሱቆች በር ለበር ተፋጠው ቆመዋል። አንዱ የሸህ ሙዘይን ነው፣ አንዱ የሐጂ ፈረጅ። ሁለቱም የከበረ ድንጋይ ይሸጣሉ፤ ሁለቱም ሰጋጆች ናቸው፤ የሁለቱም ጢም ሸብቷል። ልዩነታቸው ምን መሰላችሁ? ሸህ ሙዘይን ሱቃቸው ተቀምጠው ድንጋያቸውን ያያሉ። ሐጂ ፈረጅ ሱቃቸው ተቀምጠው ሸህ ሙዘይንን ያያሉ።

አይ ሐሰድ፣ አይ ቅናት! ሰውየው ምሳ ቀርቦላቸው እንኳ ሌላ ወሬ የላቸውም።

«ዘይነባ፣ ያቺ የቃዲው ምራት ዛሬም እሱ ጋ ገባች» ይላሉ ለሚስታቸው።

«ትግባ እንጂ፣ ምን ላድርጋት?»

«ስትወጣ ትስቅ ነበር።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ሱቅ የከፈቱት ድንጋይ ሊሸጡ ነው ወይስ የሸህ ሙዘይንን በር ሊጠብቁ? ዘበኛ ከሆኑስ ደሞዝ ይጠይቋቸው!»

እመት ዘይነባ ምላሷ ስለት ነበር፤ አላህ ይስጣት። ግን ሐሰድ በቀልድ አይለቅም። ቀልዱን ውጦ ቁጭ ይላል።

እስቲ አስቡት፣ ዕንቁ ምን ያደርጋል? አይበላ፣ ብርድ አያስጥል፣ ልጅ አያሳድግ። ሰው ግን ይሞትለታል። ያምራል፤ እሺ። ብርቅ ነው፤ እሱም እሺ። ዋናውን ምስጢር ግን ልንገራችሁ፦ ዕንቁ የሚጥመን ጎረቤታችን ጋ ስለሌለ ነው። ከየደጁ የሚታፈስ ቢሆን ኖሮ በመጥረጊያ ሰብስበን ከቆሻሻ ጋር እንደፋው ነበር። እንግዲህ የሐሰድ ሰው ዕንቁ ሲሸጥ ውሎ እንዴት ልቡ ይድናል?

ነገሩ የተጀመረው በሸምሱ ነው። ሸምሱ ኮርቻ ሰፊ፣ ምስኪንና ጨዋ ልጅ ነው። የአያ ደሊልን ልጅ ሉባባን ሊያገባ ኒካሑ ለጁምዓ ተቆርጧል። ሉባባ መህሯን፣ ማለት ባሏ በኒካሕ ሊሰጣት የሚገባውን ሐቋን፣ ስትጠየቅ፣ «ወርቅ አልፈልግም፤ ያ ቀስተ ደመና የተኛበት ድንጋይ ያለበት የብር ቀለበት ይሁንልኝ» አለች። ዛሬ ኦፓል የሚሉትን ማለቷ ነው።

ሸምሱ መጀመሪያ ሐጂ ፈረጅ ጋ ገባ። አየ፣ አገላበጠ፣ ከዚያ ምን አለ? «እስቲ ማዶም ልይ።» አለና መንገዱን ተሻገረ። እናንተዬ፣ ያቺ «እስቲ ማዶም ልይ» ሐጂ ፈረጅን እንደ ግራር እሾህ ወጋቻቸው። ከበራቸው ሆነው የልጁን ጀርባ እያዩ ቀሩ።

ሸህ ሙዘይን ከደረቅ ጥጥ ውስጥ አንድ ድንጋይ አወጡ። አረንጓዴው ከቀዩ፣ ቀዩ ከሰማያዊው ጋር ይጫወትበታል።

«ይህን ውሃ ነው ያመጣው ብልህ ታምነኛለህ?» አሉት።

«ሸሆቼ፣ ይቀልዱብኛል።»

«አልቀልድም። በጥንት ዘመን ተራራው እሳት ተፋ፤ አመዱ ምድሩን ሸፈነ። አላህ ዝናብ አወረደ። ዝናቡ በአመዱ ሰርጎ፣ ከአለቱ ያሟሟውን ተሸክሞ፣ ስንጥቅ ውስጥ ተኛ። ጠብ፣ ጠብ እያለ። ውሃው ቀስ ብሎ ሄደ፤ የተሸከመው ቀረ፤ ረጋ፣ ጠጠረ። ዘር ማንዘራችን ሳይታሰብ የተጀመረ ነገር ነው። ድንጋይ ችኮላ አያውቅም።»

«እኔ ግን ጁምዓ ኒካሕ አለብኝ፤ እቸኩላለሁ!» አለ ሸምሱ፤ ሁለቱም ሳቁ።

በሳቁ መሃል የዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አዛን ተሰማ። ሸህ ሙዘይን ድንጋዩን በጥጡ ጠቅልለው ሰጡትና ወደ መስጂድ ፈጠኑ። ለወትሮው ይህን ድንጋይ ለሚገዛ ሁሉ፣ «ውሃ ውስጥ እንዳትነክረው» ሳይሉ አይለቁም። ያን ቀን ሳይሉ ቀሩ።

ብር ሠሪው ቀለበቱን ሠራ፤ ሸምሱ ለሙሽሪት ቤት ላከ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጂ ፈረጅ ግን ሙሉ ዕድሜያቸውን ድንጋይ የሸጡ ሰው ናቸው፤ የዚያን ድንጋይ ጠባይ ያውቃሉ። ከመካ ያመጡትን የተባረከ የዘምዘም ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ይዘው አያ ደሊል ቤት ሄዱ። ወይ ጉድ! በዘምዘም!

«አያ ደሊል፣ እንኳን ደስ ያለዎት። የሙሽሪት ቀለበት በረካ እንዲገባበት በዚህ ንከሩት። ከቀትር፣ ከዙህር እስከ ዐስር ይቆይ።»

«አላህ ይቀበልዎት ሐጂ፤ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነዎት!» አሉ አያ ደሊል፤ ዐይናቸው እንባ ሞላ።

ነከሩት። ዐስር ላይ ሉባባ እጇን ሰደደችና አወጣችው። ቀስተ ደመናው የለም። ድንጋዩ ፍጥጥ ያለ የጠርሙስ ስባሪ መስሏል፤ ከሥሩ ብሩ ይታያል።

«አባቴ ድረስ! ምን ነካው?»

ጎረቤት ሴቶች ተሰበሰቡ። አንዷ አገጯን ይዛ፣ «ዘምዘም ሐሰት አይሸከምም! ውሸቱን አወጣው!» አለች። በቃ። ከዚያ ወዲያ ማን ይይዘዋል? ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ከተማው ሁሉ፣ ሸህ ሙዘይን ለሙሽራ ጠርሙስ ሸጡ፣ ዘምዘም አጋለጣቸው፣ አለ። ዘምዘም የተባረከ ነው፤ እሱ ላይ ማን ይጠረጥራል? የአገሬው ስህተት እሱ ነበር፤ የውሃውን ቅድስና አወቁ፣ የድንጋዩን ጠባይ አላወቁም።

አያ ደሊል ቀለበቱን ይዘው፣ ሕዝብ አስከትለው ከሸህ ሙዘይን ሱቅ ደረሱ። ሸምሱ ፊቱ አመድ መስሏል። ሐጂ ፈረጅ ከበራቸው ቆመው መስበሓቸውን፣ የዚክር መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ።

«ሸህ ሙዘይን፣ ልጄን በጠርሙስ ሊድሩብኝ ነው? መህሯ ውሸት ከሆነ ልጄን አልሰጥም!»

ሸሁ ቀለበቱን ተቀበሉ። አንድ ጊዜ ድንጋዩን አዩ፤ አንድ ጊዜ ከመንገዱ ማዶ አዩ። የሐጂ ፈረጅ ዐይን መሬት ወረደ። ሁሉም ነገር ገባቸው፤ የሐጂን ስም ግን አላነሡም።

«አያ ደሊል፣ ይህ ድንጋይ ውሃ ይጠጣል። አሁን ጠጥቷል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። በጥጥ ጠቅልላችሁ ከቤታችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡት። ፀሐይ አታሳዩት፤ ይሰነጠቃል። እኔ ጋ ግን አይዋል፤ ለወጠው ትላላችሁ።»

«ዘምዘም ያበላሻል ልትለን ነው?» አለ አንድ ጎረምሳ ከኋላ።

«ዘምዘም የተባረከ ነው። ድንጋዩም አላህ የፈጠረው ነው። ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የእኔ ነው። ሻጭ የዕቃውን ነውር ለገዢ መንገር አለበት። እኔ አዛን ሰማሁና ለሸምሱ ሳልነግረው ቀረሁ።»

«አመነ! ራሱ አመነ!» ብሎ ሰው ጮኸ። አያችሁ? እውነት መናገራቸው በራሳቸው ላይ ምስክር ሆነባቸው። ኒካሑ ተላለፈ፤ አያ ደሊል፣ «ድንጋዩ ካልተመለሰ እንደ ተቋረጠ ቁጠሩት» ብለው ሄዱ።

ሰው ሲበተን ሸምሱ እጃቸውን ያዘ። «ሸሆቼ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ግን ልጅቷን ላጣ ነው! ይህን ድንጋይ ሐጂ ፈረጅም ያውቁታል አይደል? እንጠይቃቸውና ሰው ይመን!»

«አይሆንም ልጄ።»

«ለምን?»

«አውቃለሁ ካሉ በሰው ፊት ይዋረዳሉ። አላውቅም ካሉ በአላህ ፊት ይዋሻሉ። ወንድሜን በነዚህ በሁለቱ መሃል አላቆመውም። ታገሥ።»

መታገሥ ለመናገር ቀላል ነው! ድንጋዩ መድረቅ ሲጀምር ጭራሽ ነጭ ሆነ፤ ሞራ የጋረደው ዐይን መሰለ። ሉባባ ጥጡን ገልጣ ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። ከሸህ ሙዘይን ሱቅ ገዢ ጠፋ። ያለፈው ሁሉ፣ «ጠርሙስ አለ?» እያለ ያፌዝባቸዋል። ሐጂ ፈረጅ ጋ ግን መቆሚያ የለም። የተመኙት ደረሰላቸው፤ አይደለም?

አልደረሰም! እሱ ነው ጉዱ። ሱቃቸው ሞልቶ፣ ገዢ እየጠራቸው፣ ዐይናቸው አሁንም ማዶ ነው። ሸህ ሙዘይን ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ቁርኣናቸውን ይቀራሉ። ጠዋት ሲከፍቱ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም ሐጂ፣ እንዴት አደሩ?» ይላሉ፤ እንደ ድሮው፣ አንድም ቃል ሳትጎድል።

«ዘይነባ፣ ፊቱ ይበራል!» አሉ ሐጂ ፈረጅ ምሳውን ገፋ አድርገው። «ሰው እንዲህ ተዋርዶ እንዴት ፊቱ ይበራል? እኔ ሱቄ ሞልቶ እንጀራው አልወርድልህ አለኝ፤ እሱ ሱቁ ባዶ ሆኖ ይረጋጋል!»

እመት ዘይነባ ወጡን መጨለፏን አቁማ አየቻቸው። «ወይ ጉድ ሐጂ! አሁን ደግሞ በውርደታቸውም ቀኑባቸው?»

ሐጂ ፈረጅ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሩ፤ ከማፈር ግን መናገር ይከብዳል፤ ተነሥተው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

በሚቀጥለው ጁምዓ ዋዜማ ሉባባ ጥጡን ገለጠች። እልልታዋ ሰፈሩን አናጋው! አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ሁሉም ቤቱ ገብቷል። አያ ደሊል ቀለበቱን ከፍ አድርገው በገበያው መሃል እየሮጡ፣ «ተመለሰ! ሸሆቼ ይቅር ይበሉን!» አሉ። ሸምሱማ ሳቁንም ለቅሶውንም አንድ ላይ ለቀቀው።

ሕዝብ ግን ሕዝብ ነው፤ የሚፈርድበት ሰው ካላገኘ አይበተንም። ያው ጎረምሳ ዞረና፣ «ሐጂ ፈረጅ! እርስዎስ የድንጋይ ነጋዴ አይደሉም? እያወቁ ነው ዘምዘሙን ያመጡት!» አለ። ሰው ወደ ሐጂ ፈረጅ ሱቅ ጎረፈ። አንዱ፣ «ሐጂነቱን እንንጠቀው!» ይላል፤ ሌላው በሩን ይገፋል። ሐጂ ፈረጅ ከግድግዳው ተለጥፈዋል። ስማቸው፣ ሱቃቸው፣ ሸበቶአቸው ሁሉ በዚያች ሰዓት ሊፈርስ ነው።

ሸህ ሙዘይን መንገዱን ተሻገሩ። ከሕዝቡና ከሐጂ ፈረጅ መሃል ገብተው ቆሙ።

«ባለፈው ጥፋቱ የእኔ ነው ብያችኋለሁ። ዛሬም የእኔ ነው። ድንጋዩ ስለደረቀ ነውሬ አልደረቀም። ሸምሱ፣ ካልፈለግከው ድንጋዩን የመመለስ ሐቅ አለህ።»

«ወላሂ አልመልስም!» አለ ሸምሱ፤ ሰው ሳቀ።

«ሐጂስ?» አለ ጎረምሳው።

«ሐጂ ዘምዘም ሰጡ። ዘምዘም ለተጠጣለት ኒያ ነው ይባላል። ኒያ ደግሞ የልብ ሐሳብ ነው፤ የባለቤቱና የአላህ ነው፤ የገበያ አይደለም። ሂዱ፣ ሰው ነገ ኒካሕ አለው!»

ሰው እያጉረመረመ ተበተነ። ሐጂ ፈረጅ ቆመው ቀሩ፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ሸህ ሙዘይን፣ አውቄ ነው ያደረግሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላጋለጡኝም? በእጅዎ ነበርኩ እኮ!»

ሸህ ሙዘይን ነጠላቸውን አስተካክለው አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፦

«ሐጂ፣ ውሃ የጠጣ ድንጋይ አይሰበርም፤ ይጠበቃል።»

ይህን ብለው ወደ ሱቃቸው ተሻገሩ። በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ የሉባባ ኒካሕ ታሰረ። ከምስክሮቹ አንዱ ሐጂ ፈረጅ ነበሩ፤ ሸሁ ናቸው እጃቸውን ይዘው ያቀረቧቸው። ሐሰዱ ጨርሶ ለቀቃቸው ብዬ አልዋሽም፤ አንዳንድ ቀን ዐይናቸው ማዶ ይሄድ ነበር አሉ። ግን ሲሄድባቸው ራሳቸው ተነሥተው ይሻገሩና ሰላም ብለው ይመለሳሉ።

የሸሁ ነገር ለእኔ እንዲህ ይገባኛል። ሐሰድ እንደዚያ ውሃ ነው፤ በሰው ውስጥ ይገባና ቀለሙን ይደብቅበታል፤ ሰውየውን ግን ጠርሙስ አያደርገውም። እኛ ደግሞ ቸኩለን፣ «ድሮም ጠርሙስ ነበር!» እንላለን፤ መዶሻ እናነሣለን። ተራራውን አመድ አድርጎ፣ ዝናቡን በጠብታ አስርጎ ዕንቁ የሚያወጣ ጌታ፣ ለአንድ ቀናተኛ ሽማግሌ ጊዜ ያጣል እንዴ? አላህ ዐይናችንን ከሰው በር መልሶ ወደየሱቃችን ያግባልን። ልቡ ውሃ የገባበት ሰው ስታገኙም ጥላ ፈልጉለትና አስቀምጡት። የደረቀ ቀን ምን ቀለም እንደሚወጣው የፈጠረው ብቻ ያውቃል።