ቄራ የተባለችው ኩርባ

አንድ ሰው ነበረ፤ ልብስ ሰፊ።

ቆይ መክሊት፣ ዓይንሽን አታፍጪብኝ። የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ የነርስነት ፈተናውን ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው የመድኃኒት መጠን ስሌት ላይ ወደቅሁ። ሰው ሁልጊዜ የሚወድቅበትን ቦታ እንዴት ነው የሚያልፈው?» ነው ያልሽኝ። ይህን እያልሽኝ ስልክሽ ጮኸ። ማን እንደሆነች አየት አደረግሽና «ኤጭ፣ ይቺ ልጅ ደግሞ! ስሌቱን አስረጂኝ እያለች አሰለቸችኝ» ብለሽ ዘጋሽባት። እሱንም አልረሳሁትም። አሁን ስሚኝ፤ እኔ ሲያቋርጡኝ አልወድም።

ሰፊው መኪና ነበረው። የሚሳፈርበት መኪና ግን አይደለም፤ በብብቱ ይዞት የሚሄድ ነው። የእውነተኛውን መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህል፣ በባትሪ የሚሮጥ፣ በሪሞት የሚነዳ። የልጅ መጫወቻ ነው ልትይ ነው መሰለኝ። እንዲህ ያለውን አንድ ደንበኛ ሰፊው ሱሪውን ሳያሳጥርለት መልሶታልና አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ።

ይህን ነገር የሚወዱ ሰዎች ሞልተዋል። ሐኪሙም አለበት፣ ባለ ሱቁም፣ ጡረተኛውም። በዓመት አንድ ጊዜ ከየከተማው ይሰባሰቡና አስፋልት በተነጠፈ አንድ ሜዳ ላይ አገር አቀፍ ውድድር ያደርጋሉ። እኔ ያኔ ፊሽካ ነፊም፣ ሰዓት ያዥም፣ ስም ጠሪም ነበርኩ። የምነግርሽ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

አሥር አሥር ሰዎች በየቡድናቸው ከፍ ያለ የእንጨት ማማ ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። መኪኖቻቸው ከታች አሥራ ስድስት ዙር፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሰው በጠዋቱ ሦስት ጊዜ ይሞክራል፤ ከሦስቱ የተሻለው ሰዓት ይያዝለታል። ከሁሉም የበለጡት አሥሩ ብቻ ከሰዓት በኋላ ለፍጻሜው ይሰለፋሉ። ያን ጊዜ የእያንዳንዳቸው ስም ከነአባታቸው በድምፅ ማጉያ ይጠራል።

ሰፊው የሚመኘው ይህችኑ ነበር። ዋንጫውን እንኳ አላለመውም። ሃያ ሁለት ዓመት በአንዲት ጠባብ ክፍል ሲሰፋ ስሙ «ሰፊው» ነበር። ሙሽራው «ሰፊው፣ ኮቴ ደረሰ ወይ?» ይለዋል፤ ጎረቤቱ «ሰፊው፣ ይቺን ዚፕ!» ትለዋለች። ሚስቱ ሳትቀር «የኔ ሰፊ» ነበር የምትለው፤ እሷስ በፍቅር ነው፣ ግድ የለም። አንድ ቀን «ጋሽ ሽብሩ፣ እኔ ስም እንዳለኝ እኮ ሰው አያውቅም። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሰው በተሰበሰበበት ሙሉ ስሜ ሲጠራ ብሰማ!» አለኝ። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ዋጥኩት።

ታዲያ ሜዳው ላይ አንዲት ክፉ ኩርባ አለች። ከማማው ሩቅ ጫፍ ላይ ናት። መኪኖች እዚያ ሲደርሱ በጀርባቸው እየተዘረሩ ጎማቸው ወደ ሰማይ ስለሚሽከረከር ተወዳዳሪዎቹ «ቄራ» የሚል ስም አወጡላት።

ሰፊውን ሦስት ዓመት ሙሉ ቄራ አረደችው። በመጀመሪያው ዓመት «ጎማው አንሸራቶኝ ነው» አለና አስፋልት የሚነክስ ጎማ ገዛ። በሁለተኛው ዓመት «ሞላው ለስላሳ ሆኖብኝ ነው» አለና ጠንካራ ሞላ አስገባ። በሦስተኛው ዲናሞውን ቀየረ። ያው ቄራ፣ ያው መገልበጥ። ሚስቱ «ያው ድንጋይ ሁለቴ ከመታህ ድንጋዩ አንተ ነህ ይባላል፤ ሦስቴ ከመታህስ ምን ልበልህ?» አለችው። እሱ ግን እልኸኛ ነው። በበነጋው ሱቁን ከፍቶ እየሰፋ፣ በአፉ መርፌ ነክሶ፣ የሚመጣውን ዓመት ውድድር ያስብ ነበር።

አሁን ልብ በይ። እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ወግ አለ። አንድ ቡድን ተወዳድሮ ሲጨርስ ሄዶ ጥላ ሥር አይቀመጥም። ሪሞቱን አስቀምጦ ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ በየኩርባው አንድ አንድ ሰው ይቆማል፤ የሚቀጥለው ቡድን መኪና ሲገለበጥ ሮጦ ያቃናል። ተረኛ ይሉታል። ሀብታም የለ፣ ድሃ የለ፣ ሁሉም ተረኛ ይሆናል። ዛሬ ያቃናህለት ሰው ነገ ያንተን ያቃናልሃል።

ሰፊው ተራውን አይዘልም፤ ግን ብልጥ ነበር። ማማው ሥር፣ መኪና የማይገለበጥባትን ጥግ ቀድሞ ይይዛል። እዚያ ቆሞ የራሱን መኪና ጎማ በልቡ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ቄራ ላይ አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም። «ያቺ ቦታ መኪና ስትገለብጥ ማየት አልፈልግም፤ ደሜን ታፈላዋለች» ይላል። ሰው የወደቀበትን ቦታ ሊያይ አይወድም፤ አልፈርድበትም። አንቺስ ብትሆኚ የፈተናሽን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽበት የለ?

አራተኛው ዓመት መጣ። ሰፊው በመጀመሪያው ሙከራ ቄራ ላይ ተገለበጠ። በሁለተኛውም ተገለበጠ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ «ሰፊው፣ ቄራ ላይ ለምን ሱቅ አትከፍትም?» እያሉ ሳቁበት። ከማማው ወርዶ መኪናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ቦዲውን አነሳ። የቀረው አንድ ሙከራ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ቡድን ብቻ ይወዳደራል። በዚያች ጊዜ፣ የዚያን ዕለት ብቻ ተራውን ትቶ፣ ሞላውን በሌላ ሊቀይር ካቻቪቴውን ያዘ።

እኔ ፊሽካዬን ልነፋ ስል ቄራን አየሁ፤ ባዶ ናት። ተረኛው ባትሪ ጣቱን አቃጥሎት ውሃ ፍለጋ ሄዷል።

«ሰፊው!» አልኩ፤ «ቄራ ባዶ ናት፣ ውረድ!»

«ጋሽ ሽብሩ፣ በእናትህ! ሞላ ልቀይር ነው። ይቺ እኮ የመጨረሻዬ ናት!»

«አንተ ስትገለበጥ ሮጦ ያቃናህ ሰው ሥራ ፈት መሰለህ?»

ጮኼበታለሁ፤ የአንገቴ ደም ሥር ተገታትሮ ነበር። ካቻቪቴውን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እኔን አየ። በዚያች ደቂቃ የሰደበኝን ስድብ እግዜር ነው የሚያውቀው። ከዚያ ካቻቪቴውን አስቀመጠና ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ወደ ቄራ ሄደ።

ፊሽካዬን ነፋሁ። ቄራ ላይ መጀመሪያ የተገለበጠው የማን መኪና መሰለሽ? ሦስት መኪናና አሥር ባትሪ ይዞ የሚመጣ አንድ ሀብታም ነበረ። በሰሌዳው ላይ አሥረኛ ሆኖ የተጻፈው እሱ ነው፤ ሰፊው እንዲያልፍ ያንን ሰዓት መብለጥ አለበት። የሀብታሙ መኪና በጀርባው ተኝቶ ጎማው ይሽከረከራል። ሰፊው ትንሽ ቢዘገይ፣ እግሩን ጎተት ቢያደርግ፣ ማንም ምንም አይለውም። እኔ ከላይ ሆኜ ፊሽካዬን በጥርሴ ነክሼ አየዋለሁ። ሆዱ «ተወው» ሳይለው አልቀረም። እጁ ግን ተገልብጦ የተሰፋ ነገር ሲያይ ማቃናት የለመደ የሰፊ እጅ ነው፤ ሮጠና አቃናለት።

ሮጦም ዘግይቷል። መኪናው የወደቀው እሱ ከቆመበት አራት እርምጃ ርቆ ነበር። ይህ አናደደው። እልኸኛ ሰው ተረኛ ሲሆንም እልኸኛ ነው። ሁለተኛው ሲገለበጥ ፈጥኖ ደረሰ፤ አሁንም አልረካም። «ከመውደቁ በፊት እዚያ ካልጠበቅሁት መቼም አልደርስም» አለ። ቀድሞ ለመጠበቅ ደግሞ የት እንደሚወድቅ ማወቅ አለበት። የት እንደሚወድቅ ለማወቅ ለምን እንደሚወድቅ ማየት አለበት። ቁጢጥ አለና ጎማዎቹን ያይ ጀመር።

ሦስተኛው መኪና ሲገለበጥ አየው። ከውስጠኛው ነጭ መስመር አጠገብ አስፋልቱ ጣት በማትሞላ ከፍታ አብጧል፤ በደንብ እንዳልተተኮሰ ስፌት። መስመሩን ተጠግቶ በፍጥነት የሚመጣ መኪና የውስጥ ጎማው እብጠቷ ላይ ይወጣና ይገለበጣል። ከማማው ላይ ሲታይ ሜዳው ጠረጴዛ ነው። ሰፊው ጠዋት ጠዋት ባዶውን ሜዳ በእግሩ መቶ ጊዜ ዞሮታል፤ ባዶ አስፋልት ምን ይናገራል? ሰው ሲወድቅበት ነው የሚናገረው። ለካ አስፋልት የሚነክሰው ጎማ፣ ጠንካራው ሞላ፣ አዲሱ ዲናሞ፣ ሁሉም እብጠቷ ላይ ፈጥኖ እንዲወጣ ነበር የረዱት! ሦስት ዓመት ሙሉ ስህተቱን ሲያፈጥነው ኖሯል።

በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰባት መኪና አቃና። ሰባተኛውን ገና መሬት ሳይነካ ሊቀልበው ምንም አልቀረውም። ያልተገለበጡትንም አያቸው፤ ከመስመሩ አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብለው የሚያልፉ ናቸው። ጎንበስ አለና በእጁ ለካው። አንገቱ ላይ ሜትር እንዳለ እንኳ ረስቶት ነበር።

ተመልሶ ሲመጣ ሞላ ለመቀየር ጊዜ የለም። አንዱ «ቶሎ በል፣ እኔ ልፍታልህ» አለው። ሰፊው ግን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ተወው» አለና ቦዲውን እንደነበረ ገጥሞ ማማው ላይ ወጣ።

አሥራ ስድስት ዙር ነው። እሱ ሲነዳ ቀኝ እግሩ ሳያውቀው የስፌት ማሽን እንደሚረግጥ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የማማው እንጨት ይንቋቋል። ቄራ ሲደርስ ዓይኑ «ጠጋ በል፣ ጠጋ በል» ይለዋል፤ ከማማው ላይ ያቺ ስንዝር የጠፋች ጊዜ ትመስላለችና። እሱ ግን ፈቀቅ እንዳለ ያልፋል። አንድ ዙር አለፈ፣ አምስት አለፈ፣ አሥር አለፈ። በመጨረሻው ዙር አንድ መኪና በውስጥ በኩል ተጠጋው። መስመሩን ቢዘጋው ይቀድመዋል፤ ካልዘጋው ይቀደማል። «እለፍ» አለው ጮክ ብሎ! ያ መኪና አለፈ፤ እብጠቷ ላይ ወጣና በጀርባው ተዘረረ። የሰፊው መኪና አጠገቡ ቀስ ብሎ አልፎ የመጨረሻውን መስመር ቆረጠ።

ሰሌዳው ተጻፈ። ሀብታሙ ያን ጊዜ መኪናው ቶሎ ስለተቃናለት ሰዓቱን አሻሽሎ ዘጠነኛ ሆኗል፤ ሰፊው አሥረኛ። እኔ አፌ አያርፍም፣ «ባታነሳለት ኖሮ እኮ ዘጠነኛው አንተ ነበርክ» አልኩት። ሰፊው ሳቀና፣

«ባላነሳለት ኖሮማ መች አየው ነበር!» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ማይኩን ይዤ ስም ጠራሁ። ዘጠኙን ጠርቼ ጨረስኩና ጉሮሮዬን ጠረግ ጠረግ አደረግሁ። «አሥረኛ፣ ተካልኝ ጉርሙ!» ሕዝቡ «ማነው? ማነው?» ተባባለ። ሀብታሙ ነው የጮኸው፦ «ሰፊው ነው እኮ! ተካልኝ ነው ስሙ!» ጭብጨባው ቀለጠ። ተካልኝ አንገቱ ላይ ባለው ሜትር ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። እኔም ፊሽካ የምነፋ መስዬ ዞር አልኩ። በፍጻሜው ስንተኛ እንደወጣ ማንም አልጠየቀውም።

አንቺም መክሊት፣ ቄራሽ ያ ስሌት ነው። አዲስ መጽሐፍ ገዛሽ፤ እሱ ጎማው ነው። አስጠኚ ቀየርሽ፤ እሱ ሞላው ነው። ከማማው ላይ ሆነሽ ያችን ኩርባ ስትረግሚ ሦስት ዓመት ሞላሽ። «እኔ ራሴ የወደቅሁበትን ምን ብዬ ላስረዳት?» ትያለሽ። እኔ ደግሞ ስለወደቅሽበት ነው የምልሽ! ያቺ ልጅ አሁን እዚያው ቦታ ላይ ተገልብጣ ጎማዋ ይሽከረከራል። አጠገቧ ቁጢጥ በይና ስትሠራው እያት። የትኛው ቁጥር ላይ እጇ እንደሚስት፣ የቱ ጋ ሚሊግራሙን ከሚሊሊትር እንደምታምታታ በዓይንሽ ታዪዋለሽ፤ አንቺም እዚያው ነው የምትስችው። እሷን ለማቃናት ስትቸኩይ እብጠቷን ታገኛታለሽ። ከዚያ ለአራተኛው ፈተና ተመዝገቢ፤ ፈቀቅ ብለሽ እለፊ።

ይኸው ስልክሽ ደግሞ ጮኸ። እኔን ምን ታዪኛለሽ? «ነይ» በያት።