ሥጋው አልሰማ ያለው አስታራቂ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሲጣላ ዳኛ ፊት ከመቆሙ በፊት ሽማግሌ ፊት በሚቆምበት አገር፣ አያ አስማረ የሚባል አስታራቂ ነበረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ገብቶበት ያልበረደ ጠብ የለም። በዚያ አገር ታዲያ አንድ ወግ አለ። አስታራቂው ከሁለቱም ቤት ማዕድ እስኪጠግብ ካልበላ፣ ከሁለቱም ቤት ጠጅ ካልጠጣ፣ እርቁ እርቅ አይባልም። «ቀመስኩ፣ ይብቃኝ» ብሎ ማምለጥ የለም፤ ያልተበላለት ቤት ተናቅሁ ብሎ ጠመንጃውን ይወለውላል። እናማ አያ አስማረ በላ። ቦርጩ ሲገፋ አገሩ «እሰይ፣ አማረበት!» አለ። ወይ እኛ! ሰው በቁሙ ሲታመም «አማረብህ» እንለዋለን።

አንድ ቀን ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ልጁ ስንዱ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበረችና እየጎተተች ወሰደችው። ወገቡን በሜትር ለካች፣ ደሙን መረመረች፣ ግፊቱን አየች፣ ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባ፣ የምትበላውን ስኳር ከደምህ ወደ ሥጋህ የሚያስገባ ኢንሱሊን የሚባል መልእክተኛ አለ። ሥጋህ እሱን አልሰማም ብሏል። መልእክተኛው ቢጮህ ቢጮህ በሩን አይከፍትለትም።»

«እንዲያ ከሆነ ሆዴ ውስጥ ጠብ ገብቷላ! በሉ ሽማግሌ ላኩበት» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ስኳር በሽታ ገና አልያዘህም፤ ደጃፍህ ላይ ነው። ማዕዱን ብትተው፣ ብትራመድ ይመለሳል። እንዲሁ ከቀጠልክ ግን ይገባል፤ ልብህንና ኩላሊትህንም አይምርም። ትሞትብኛለህ፣ አባ።»

ይህን ስትሰማ ሚስቱ ውዴ በሯን ዘጋች። ጠጅ የለም፣ ቅቤ የለም። በየማለዳው ወንዝ ድረስ አብራው ትሄዳለች። ሽምግልና የሚጠራው ሰው ሲመጣ «የለም፣ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል» ብላ ትመልሳለች። በስምንት ወር ሱሪው ሰፋው፣ ግፊቱ ወረደ፣ ስኳሩም ከደጃፍ ተመለሰ። ስንዱ ውጤቱን አይታ በደስታ አለቀሰች።

በዚያው ሰሞን እንዬ የምትባል መበለት ደጅ መጣች። «ውዴ፣ በእመቤቴ! ልጄና ጎረቤቴ በድንበር ሊፋጁ ነው፣ አያ አስማረን ጥሪልኝ» አለች። ውዴ «የለም» አለቻት። አያ አስማረ እኮ ጓሮ ጌሾ እየኮተኮተ ነበር! በሦስተኛው ቀን የእንዬ ልጅ በጎረቤቱ ጥይት ወደቀ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ውዴ እንዬ መጥታ እንደነበር ለባሏ ትንፍሽ አላለችም።

የአያ አስማረ የልጅነት ጓደኛ ገላዬ ግን ለቅሶ ቤት ሄዶ ከእንዬ አፍ ሁሉን ሰማ። ሁለቱ የሟች ወንድሞች ደም ሊመልሱ መማላቸውንም ሰማ። ሰውየው ጭንቅ ያዘው። ቢናገር ጓደኛው ወደ ማዕዱ ይመለሳል፤ ዝም ቢል ሌላ ሰው ይሞታል። ሄዶ ፊት ለፊት ነገረው፦ «አስማረ፣ እንዬ ደጅህ መጥታ የለም ተብላ ነው የተመለሰችው።»

አያ አስማረ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ውዴ፣ ምን አደረግሽ?»

«አንተን አተረፍኩ!» አለች እያለቀሰች።

«በሰው ልጅ?»

 

ከዘራውን አንስቶ ሄደ። ዘጠኝ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ ሁለቱን ቤት ለመነ፣ በመጨረሻም አስታረቀ። ከገዳዩ ቤት በላ። እንዬ ቤት ሲደርስ እሷ ራሷ አቀረበችለት፤ እያለቀሰች አቀረበች፣ እያለቀሰ በላ። አንድ ማዕድ ሰው አይገድልም። ግን ከዚያ ወዲያ ጠሪን እንቢ ማለት አልቻለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየዳሱ በላ፣ ጠጣ። በነዚያ ሁለት ዓመታት በአገሩ አንድም ሰው በሰው እጅ አልሞተም።

ስንዱ ግን ትለካዋለች፣ ታውቃለች። ስኳሩ ገባ። ሽንቱ አረፋ ያዘ፣ እግሩ አበጠ፤ ኩላሊቱ መድከሙ ነው። «ለእናትሽ ከነገርሽ በሩን ትዘጋለች» አላት። «በሩ ከተዘጋ ደግሞ የሰው ልጅ ይሞታል። ቃል ግቢልኝ።» የሕመምተኛ ምስጢር መጠበቅ ሙያዋ ነው፤ ሕመምተኛው ግን አባቷ! ቃሏን ሰጠች። ክኒኑን ከእናቷ እየደበቀች ታስውጠዋለች። እናቷ «አባትሽ እንዴት ነው?» ስትላት «ደህና ነው» ትልና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። አንጀቷ እንዴት እንደቻለው እሷ ትወቅ።

የፈሩት ይደርሳል። አያ አስማረ የተጣሉ ባልና ሚስት አስታርቆ ሲመለስ መንገድ ላይ ልቡ ቆመ።

በዚያ አገር ከሬሳው ፊት የሟቹን ከዘራ ይዞ የሚሄደው፣ በሕይወቱ ሳለ ከሁሉ አብልጦ የወደደው ሰው ነው። ቄሱ «ማን ይያዝ?» ሲሉ ውዴ ዘለለች።

«እኔ! ስምንት ወር ዕድሜ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ብትተዉኝ ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበር!»

«ዕድሜውንስ ሰጠሽው» አለ ገላዬ ድምፁ እየተቆረጠ፣ «ደም ያለበት ዕድሜ ነበር እንጂ። ያንን ሳያውቅ ቢያረጅ ኖሮ አስማረ አስማረ ይሆን ነበር?»

ሰው ሁሉ ወደ ስንዱ ዞረ። «እኔ አይገባኝም» አለች። «እማ፣ ኩላሊቱን አውቅ ነበር። ሁለት ዓመት አውቅ ነበር። ለምኖኝ ነው።»

ውዴ እጇን አነሳች። ልትመታት ነው ሲባል ልጇ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም መሬት ላይ ወደቁ። እንዬ ከተረፉላት ሁለት ልጆቿ ጋር ቆማ አብራ ታለቅሳለች። ገላዬም ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ከዘራው መሬት ላይ ቀረ፣ ሬሳውም ሳይነሳ ፀሐይ አዘቀዘቀች።

እኔ ስንት ዘመን አሰብኩት፣ አልቆረጥልኝ አለ። እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፣ ግን አትቸኩሉ። በሯን ዘግታ ላኖረችው ነው፣ እውነቱን ላልደበቀው ነው፣ ወይስ ቃሏን ጠብቃ ላነባችው? ያ ከዘራ ለማን ይገባል?