የጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ገመድ

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠራ አንድ ወጣት መምህሩን ጠየቀ። «መምህር፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሮጡት ስሬዶች፣ ለእነዚህ የሥራ ክሮች፣ የየራሳቸውን ሥራ ለጊዜው ለሚያስቀምጡበት ስታክ ስንት ስንት ሜሞሪ ልመድብላቸው? ባሳንስ መሃል መንገድ ላይ ይወድቃሉ፤ ባበዛ ሜሞሪው ያልቅብኛል።»

መምህሩም እንዲህ አለው።

አንድ ባለርስት ነበረ። አገሩ በድርቅ ስለተመታ ጉድጓድ ቆፋሪዎችን ጠርቶ፣ ወደ ጉድጓድ የሚወርዱበትን ገመድ ከአንድ ትልቅ ጥቅል እየቆረጠ ያድላቸው ጀመር። እንዳያጥራቸው ብሎ ለፊተኞቹ ረጅም ረጅሙን ሰጠ። ግማሾቹ ሳይደርሳቸው ጥቅሉ አለቀ። የደረሳቸው ውሃ ሲያገኙ አብዛኛው ገመድ ከጉድጓዱ አፍ እንደተከመረ ነበር፤ ያልደረሳቸው ባዶ እጃቸውን ወደተጠሙ ልጆቻቸው ተመለሱ።

ባለርስቱ ደነገጠና ገመዱን ሰብስቦ አሳጥሮ ቆራረጠው፤ የተረፈውንም ጎተራ አስገባው። አሁን ሁሉም ቆፈረ። ከአንድ ጉብታ ላይ የሚቆፍረው ሰው ግን ውሃው ራቀበት። ከላይ የያዘለት ወንድሙ ገመዱን ሲለቅለት፣ ሲለቅለት፣ ጫፉ ሳይታሰብ ከእጁ አመለጠ። ሰውየው ወደቀ፤ አፈሩም እስከ ወገቡ ተናደበት።

«ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ወንድሙ ጮኸ። ጎረቤት ቆፋሪዎች ሮጠው መጡ፤ ገመዶቻቸውን ቀጣጥለው አንዱ ወረደለትና አወጡት። በሕይወት ነበረ። ወንድሙ አንገቱን አቅፎ አለቀሰ። ባለርስቱም «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለ አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«በእኔ ስስት ነው የተጎዳኸው» አለው።

ሰውየው አፈሩን ከአፉ ጠርጎ፣ «ማጠሩስ ይሁን ጌታዬ፤ ማለቁን የሚነግረን አጣን እንጂ» አለ።

ባለርስቱ ይህን ሲሰማ የነጠላውን ቀይ ጥለት ቀደደ። አብዛኛው ጉድጓድ የት ድረስ እንደሚወርድ ቆፋሪዎቹን ጠይቆ፣ ጎተራ ካስገባው እየቀጠለ ከዚያ ጥቂት አስረዝሞ ለሁሉም እኩል አደለ። ጫፉ ከመድረሱ በፊትም በየገመዱ ላይ ቀይ ቁራጭ አሰረ። «ቀዩ ከእጃችሁ ሲገባ ሰውየውን አውጡት እንጂ አትልቀቁ። ከጉብታ የምትቆፍሩ ደግሞ ሳትወርዱ ንገሩኝ፤ የምጨምርላችሁ አለኝ።» ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ የገባ ሁሉ በሰላም ወጣ፤ አገሩም ውሃ ጠጣ።

እንግዲህ ልጄ፣ ባለርስቱ አንተ ነህ፤ ጥቅሉ ሜሞሪው፣ ቆፋሪዎቹም ስሬዶችህ ናቸው። ሁሉን የሚያረካ ልክ የለምና እሱን ስትፈልግ አትጨነቅ። ብዙዎቹ የሚደርሱበትን ለክተህ ጥቂት ጨምርበት። ጠልቆ የሚወርደው አስቀድሞ እንዲጠይቅህ ፍቀድለት። ከስታኩ ዳርም እንደ ቀዩ ቁራጭ የሚያስጠነቅቅ፣ ማንም የማይነካው ክልል አኑር፤ እዚያ የደረሰ የሌላውን ሜሞሪ ሳያበላሽ ይቁም። ይህን ካደረግህ፣ ብትሳሳት እንኳ ስሕተትህ ሰው ሳይጎዳ ይታረማል።