ይታይሽ የጣደችው ድስት

ፎገራ ሜዳ ዳር ባለች አንዲት ሩዝ አብቃይ መንደር፣ ሰው በጎረቤቱ ቀንቶ የማያውቀውን ሥራ ሲጀምር የሚወረወርበት ተረት አለ። ዛሬ በሬ ሲገዛም ቤት ሲሠራም ይባላል እንጂ መነሻው ድስት ነው። ድስቱም የይታይሽ ነበር።

ይታይሽ የእመት አዛለች ትልቅ ምራት ናት። ጓዳውን የያዘች፣ አማቷ እንኳ ነገር ሲጠፋቸው "ይታይሽን ጠይቋት" የሚሉላት ሴት ነበረች፤ የባሏ ታናሽ ወንድም አንጓችን አግብቶ እዚያው ግቢ ጎጆ እስኪቀልስ ድረስ። አንጓች ዝምተኛ ልጅ ነች፤ ግን ከእናቷ ቤት አንድ ጉድ ይዛ መጣች፦ ቀይ ቦሎቄና ሩዝ ባንድ ድስት። እመት አዛለች አንዴ ቀመሱ። ከዚያ ወዲህ በጾም ቀን የይታይሽን ሽሮ ገፋ እያደረጉ፣ "የዚያች ልጅ ድስት አልወጣም?" ማለት ጀመሩ።

ይታይሽ ቀናች። የአንጓች ማድቤት ሲጨስ ባየች ቁጥር አንጀቷ ያርራል። "ትናንት መጥታ! ዛሬ አማቴን ከወሰደች ነገ ጓዳውንም ትወስደዋለች" ትላለች ለብቻዋ።

ኅዳር ጽዮን ሲቃረብ የማኅበሩ ተራ እመት አዛለች ቤት ደረሰ። አሮጊቷ ምራቶቻቸውን ጠርተው፣ "ዘንድሮ ማኅበርተኛውን አንጓች በሩዟ ታብላልኝ" አሉ።

"እስከ ዛሬ የማኅበሩን ድስት የጣድኩት እኔ ነኝ!" አለች ይታይሽ ብድግ ብላ። "ሩዝና ቦሎቄም ከሆነ እኔው እሠራዋለሁ።"

"ታውቂዋለሽ?"

"እሷ ያወቀችው እኔን ምን ያቅተኛል?"

ባዶ ጉራ እንኳ አልነበረም። በማድቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ አጮልቃ አይታለች፤ አንጓች ሽንኩርቷን በዘይት አቁላልታ፣ በርበሬ ጨምራ፣ ቦሎቄውንና ሩዙን ባንድ ላይ ገልብጣ ውሃ አድርጋ ስትከድን። ይቺን ታህል!

በዋዜማው ከሰዓት አንጓች መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። "እትዬ፣ ቦሎቄውን ዛሬውኑ..."

"ምን? ልታስተምሪኝ ነው?"

"ኧረ አይደለም እትዬ፣ ብቻ ቦሎቄው..."

"አንቺ ሳትወለጂ እኔ ቦሎቄ ለቅሜያለሁ! ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ!"

አንጓች አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። ልትላት የነበረው አጭር ነገር ነው፤ ቦሎቄው ተዘፍዝፎ አድሮ፣ ለብቻው ተቀቅሎ ከበሰለ በኋላ ነው ከሩዝ የሚገናኘው። ይታይሽ በስንጥቁ ያየችው የበሰለውን ነበር።

በነጋታው ማኅበርተኛው ቤተ ክርስቲያን ሳለ ይታይሽ ትልቁን ድስት ጣደች። ቁሌቱ አማረላት። ደረቁን ቦሎቄና ሩዙን ባንድ ላይ ገለበጠች፣ ውሃ ቸለሰች፣ ከደነች። ሩዙ ወዲያው በሰለ። ቦሎቄውን በጥርሷ ብትሞክረው ግን ጠጠር ነው። ውሃ ጨመረች፤ ማገዶ ጨመረች። ሩዙ ገንፎ ሆነ፤ ቦሎቄው ወይ ፍንክች። አንጓችን ልጥራት ይሆን የሚል ሐሳብ ብልጭ አለባት። ወዲያው ግን ያቺ ልጅ በሰው ፊት የእሷን ድስት ስታማስል ታየቻት። "ሞቼ ነው!" አለችና እሳቱን ይበልጥ አነደደችው። ገንፎው ከሥር ይዞ አረረ፤ ጭሱ ግቢውን ሞላው። ማኅበርተኛውም ደጅ ደረሰ።

ሌላ የተሠራ ነገር ስላልነበረ ያው ቀረበ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ የሚባሉት ሽማግሌው አያ ጫኔ፣ ጸሎት አድርሰው የመጀመሪያውን ጎረሱ። ቀጭ! የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አገጫቸውን ያዙ። ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። እመት አዛለች በሀፍረት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

ይሄኔ አንጓች ከጓዳ በር፣ "ቦሎቄውን የሰጠኋት እኔ ነኝ። የከረመ ሆኖ ነው እንጂ የእትዬ እጅስ አይታማም" አለች።

ይታይሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ገመናዋን የሸፈነላት ውሸት እንኳ አስቀናት፤ ይቺ ልጅ በደግነትም ልትበልጠኝ ነው ብላ።

"ውሸቷን ነው!" አለች። "ቦሎቄው የቤታችን ነው። ልታሳየኝ ብትመጣ ያባረርኳት እኔ ነኝ። በልጫት ልታይ ብዬ ነው።"

አያ ጫኔ ቦሎቄዋን ከአፋቸው አውጥተው በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት፤ ከሳህኑ ጠርዝ የከሰለውን ሩዝ በጣታቸው ነካ አደረጉ። ከዚያም ሳቃቸውን እንደምንም ይዘው፣ "አይ ልጄ፣" አሉ፣ "በቅናት የተጣደ፣ እኩሉ ጥሬ እኩሉ ነደደ።"