ነጋሪት ያጣው ማማ

አንድ ንጉሥ ሰባት አገር ይገዛ ነበር። እያንዳንዱ አገር በማማው ላይ የሚሰቅለው የራሱ ነጋሪት ነበረው። ጎርፍ ሲመጣ ወይም አንበጣ ሲታይ የማማው ጠባቂ ይጎስማል፤ ሕዝቡም ይነሣል። የሰባቱን አገር የጋራ ጉዳይ የሚያውጀው ደግሞ የንጉሡ ትልቁ ነጋሪት ነው።

ታዲያ አንድ ዓመት ከሰባቱ ሁለቱ አገሮች በግጦሽ ተጣሉና ነጋሪት እየጎሰሙ ተዋጉ። ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሡም አዝኖ፣ ተቆጥቶም፣ "ከእንግዲህ በዚህ ምድር የሚሰማው የእኔ ነጋሪት ብቻ ነው" ሲል አዘዘ። ሰባቱም ነጋሪቶች ተሰብስበው ግምጃ ቤት ተቆለፈባቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ደም ማየት የመረረው ሰው ሁሉ እሰይ አለ። የግምጃ ቤቱ ጠባቂ አዛውንቱ ባሻ ድልነሳም እሰይ ካሉት አንዱ ነበሩ።

አንድ ቀን ጠዋት ባሻ ግምጃ ቤቱን ሲከፍቱ ድምፅ ሰሙ። የሸለቆው አገር ነጋሪት ማንም ሳይነካው ያጉረመርማል። ሌሎቹ ስድስቱ ዝም ብለዋል። ባሻ እጃቸውን ቆዳው ላይ ቢያሳርፉ ይንቀጠቀጣል፤ ደግሞም ረጥቧል። ሸለቆው የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ አንዲት ልጃቸው አስካለ የተዳረችው እዚያ ነው።

ሮጠው ንጉሡ እግር ላይ ወደቁ።

"ጃንሆይ፣ የሸለቆው ነጋሪት ይጮኻል። አንድ ነገር ቢመጣባቸው ነው።"

"ማን መታው?"

"ማንም።"

"ማንም ያልመታው ነጋሪት አይጮኽም።"

"ጃንሆይ፣ ልጄ እዚያ አለች። እባክዎ ፈረሰኛ ይላክ፤ ነጋሪታቸውም ይመለስላቸው።"

"ዛሬ ለአንዱ ብመልስ ነገ ስድስቱ ይጠይቁኛል። ጨርቅ ጣልበት!"

ባሻ ጋቢያቸውን አውልቀው ነጋሪቱን ሸፈኑት። ድምፁ ከጋቢው ሥር እየፈጠነ ሄደ። አጠገቡ ተቀምጠው "አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ" ይሉ ጀመር። እኩለ ቀን ሲሆን ዝም አለ። ባሻ ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታውን ፈሩት።

በሦስተኛው ቀን የሸለቆው ማማ ጠባቂ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ።

"ጃንሆይ፣ ጎርፉን ገና ከተራራው ሥር ሲነሣ አየሁት። ነጋሪቱ የለም፤ መምቻው ግን እጄ ላይ ቀርቷል። ነጋሪቱ ይሰቀልበት የነበረውን ባዶ ግንድ ስደበድብ አረፈድኩ። ሰዉ ቀና ብሎ አየኝና ወፍ የማባርር መስሎት ሥራውን ቀጠለ። ወርጄ የደረስኩባቸውም 'ነጋሪት ሳንሰማ?' ብለው ሳቁብኝ። ያለ ነጋሪት አለመነሣት ልማዳችን ነዋ! ተመልሼ ወጥቼ ግንዱን መታሁ።"

"እስከ ስንት ሰዓት መታህ?" አሉ ባሻ።

"እስከ እኩለ ቀን። ከዚያ በኋላ የሚሰማ ሰው አልቀረም።"

ንጉሡም "ነጋሪቱን አሁኑኑ መልሱላቸው!" አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

"ለማን ጃንሆይ?" አሉ ባሻ።

ወዳጄ፣ ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንድማማች ሲፋጅ የሚገላግል አንድ ትልቅ ድምፅ ለአገር ያስፈልጋል። የወንዙን መሙላት የሚያየው ግን ወንዙ ዳር የቆመው ነው። ሁሉም በየፊናው ለጦርነት ከጎሰመ እንተላለቃለን፤ አንዱ ብቻውን ሁሉን ልጎስም ካለም ጎርፍ ይወስደናል። ንጉሡ የጦርነቱን ጉሰማ ከልክሎ የጎርፉን ቢተውላቸው ኖሮ አስካለ ዛሬ ከአባቷ ጋር በሳቀች ነበር።

እስቲ አንተ ራስህን ጠይቅ፦ ከላይ የተቀመጥክ ከሆነ፣ ግምጃ ቤትህ ውስጥ የማንን ነጋሪት ቆልፈሃል? ከታች ያለህ ከሆነስ፣ ነገ ጎርፉን ብታይ የምትጎስመው አለህ?